ከሚያውቀው ወደማያውቀው፤ ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ዐዲስ ምግብ ስለማልመድ

ሕፃን ልጅ ለማያውቀው ምግብ ፊቱን ቢያዞር እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁለት ዓመት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ቈይተውም ይተዉታል። ቤተ ሰብም «ሲርበው ይበላል» ብሎ ይጠብቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዳለው ይሆናል። ነገር ግን ይህ አነጋገር የማይሠራላቸው ልጆች አሉ። ከእነዚህም መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ይገኛሉ። አንዳንዱ ቢርበውም አይበላም፤ ከሚያውቃቸው ከአምስትና ከስድስት ዓይነት ምግቦች ውጭ ሌላ ከመቅመስ ይልቅ ጦሙን ማደርን ይመርጣል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ይህ የሚሆነው ስለምን እንደሆነና እንዲህ ላለው ልጅ ዐዲስ ምግብ በምን መንገድ ሊለመድለት እንደሚችል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የነገሩ ምንጭ

በ1943 ዓ.ም. ሌዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ስለመረመራቸው 11 ልጆች አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ስለ ኦቲዝም የሚነገረው ትምህርት በብዛት ከዚያ ጽሑፍ ይጀምራል። ካነር በነዚህ ልጆች ላይ ካስተዋላቸው ነገሮች ሁለቱ ለጉዳያችን ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ ከልጆቹ ብዙዎቹ ገና ከጨቅላነታቸው ጀምረው በመመገብ ይቸገሩ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቹ በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ ሳይለወጥ እንዲቈይ አጥብቀው መፈለጋቸው ነው። ካነር ምግብን ያየው ከውጭ ወደ ሕፃኑ ዘንድ በመጀመሪያ የሚገባ እንግዳ ነገር አድርጎ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ይህንኑ አጽንተዋል። በ2013 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘነ አንድ ሥራ እንዳሳየው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የአመጋገብ ችግር የሚያገኛቸው ከሌሎች ልጆች አምስት ጊዜ በሚበልጥ መጠን ነው። ደግሞም ከሌሎቹ ያነሰ ካልሲየምና ፕሮቲን እንደሚያገኙ ይኸው ሥራ ገልጿል።

ምክንያቱን ለመረዳት ምግብን በልጁ ስሜት ማየት ያስፈልጋል። ለእኛ እንጀራ አንድ ነገር ነው። ስሜቱ ከልክ በላይ ለነቃበት ልጅ ግን እንጀራ ብዙ ነገር ነው። ይኮመጥጣል፤ ከላይ ዐይናማ ከታች ልስልስ ነው፤ ወጥ ሲነካው ይርሳል፤ ሲርስም መልኩና አያያዙ ይለወጣል። ዛሬ የተጋገረው ከትናንቱ ይለያል። ወጡም ቢሆን አንድ ቀን ይወፍራል፤ አንድ ቀን ይቀጥናል፤ በርበሬውም ከቀን ቀን አንድ አይደለም። በአንጻሩ ከሱቅ የሚገዛ ብስኩት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድምፁም፣ መልኩም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። ስለዚህ ልጁ ብስኩቱን መርጦ የእናቱን ወጥ ቢተው የቅብጠት ነገር አይደለም፤ የሚተማመንበትን መያዙ ነው። የእጅ ሙያን መናቅም አይደለም።

ከዚህ ሌላ የሚታይ ሕመም ሊኖር ይችላል። የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ ከሆድ ወደ ጉሮሮ የሚመለስ ቃር ወይም ማኘክና መዋጥ አለመቻል ልጁን ከምግብ ያርቀዋል። መናገር የማይችል ልጅ «አመመኝ» አይልም፤ የሚለው በአፉ መዝጋት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ልምምድ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የለገሃር ገበታ

ነገሩን በቅርብ ከምናውቀው ሰፈር ጋራ እናገናዝበው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ዐዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ የጣቢያው ሕንፃም በ1929 ዓ.ም. ተከፈተ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ዛሬ በለገሃርና በካዛንቺስ ዙሪያ ያለው ሰው እንደ ሌላው የከተማው ሕዝብ ከእንጀራው ጐን ሌላ ገበታ አለው፤ ይኸውም ፉርኖ ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩትና ሻይ ነው። ፉርኖ የሚለው ቃል እንደ ፓስታና እንደ መኮሮኒ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ምድጃ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በዚህ ሰፈር አለ እንበል። የሚበላው ፉርኖ ዳቦ በሻይ፣ ምንም ያልነካው ፓስታ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አንድ ዓይነት ብስኩትና ሙዝ ብቻ ነው። በእኛ ግምት እንዲህ ያለው ዝርዝር በአጋጣሚ የተሰበሰበ አይደለም። ሁሉም ወይም ነጭ ወይም ቢጫ ነው፤ ሙዙም ቢሆን ሲላጥ ነጭ ነው። አንዱም ወጥ የነካው የለም። ሁሉም ቀላል ሽታ አላቸው። ይህን ያስተዋለ ቤተ ሰብ የልጁን ሕግ አገኘ ማለት ነው፤ ሕጉን ያገኘም በሩን ያገኛል።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩ የሚያሳስብ ነው። ብረት ይጐድለዋል፤ ፕሮቲኑም ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዳቦውን ሁልጊዜ በሻይ የሚበላ ልጅ ያለችውን ጥቂት ብረት እንኳ ያጣታል። ልጁ በልቶ ስለሚጠግብና ክብደቱም ደኅና ሊሆን ስለሚችል ጕድለቱ ከውጭ አይታይም። በሌሎች አገሮች የሕክምና መጽሔቶች ላይ እንደተጻፈው አንዳንድ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ቪታሚን ሲ በማጣት ስኩርቪ በተባለው በሽታ ተይዘው ድዳቸው ደምቶ እግራቸው መራመድ እስኪያቅተው ደርሰዋል። ከተጠበሰ ድንችና ከጥቂት ነገር በቀር ባለመብላታቸው በቪታሚን ኤ እጦት የዐይናቸው ብርሃን የተጐዳም አሉ። እንግዲህ ነገሩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ምግብን ስለመከልከል

ከማልመድ በፊት ስለመከልከል አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ብዙ ወላጆች ግሉተን የተባለውን የስንዴና የገብስ ፕሮቲን፣ እንዲሁም ካዜይን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ከልጁ ገበታ ማውጣት ኦቲዝምን ያሽላል ሲባል ይሰማሉ። ሐሳቡ የተነሣው እነዚህ ፕሮቲኖች በሆድ ውስጥ በሙሉ ሳይፈጩ ቀርተው አእምሮን ያውካሉ ከሚል ግምት ነው። ግምቱ ግን በፈተና አልጸናም። በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሰፊ ምዘና ማስረጃው ደካማ መሆኑን ገለጸ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ14 ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ፈተና አሳተሙ። ልጆቹ ምግቡን ካቆሙ በኋላ ግሉተኑና ካዜይኑ፣ ወላጅም ተመልካችም ሳያውቅ፣ በመክሰስ ውስጥ እየተደረገ ተሰጣቸው፤ በጠባያቸውም ሆነ በእንቅልፋቸው ላይ የታየ ልዩነት አልነበረም።

ግሉተን በእውነት የማይስማማው ሰው አለ፤ ይህም በሐኪም ምርመራ ይታወቃል። ለእርሱ መከልከሉ መድኃኒት ነው። በዚህ ረገድ አገራችን ዕድለኛ ናት፤ ጤፍ ግሉተን የለውምና ገብስ ወይም ስንዴ ያልተቀላቀለበት የጤፍ እንጀራ በጾም ሽሮ ቢቀርብ ግሉተንም ካዜይንም የሌለበት ገበታ ነው። ሆኖም ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ላይ ይህን ሕግ ብንጭንበት ልጁ ምን ይቀረዋል? ፉርኖው ይሄዳል፤ ፓስታው ይሄዳል፤ ብስኩቱም ይሄዳል። የቀሩት ድንችና ሙዝ ናቸው። እንጀራውን እንደሆነ ገና አለመደውም። ስለዚህ ጥቂት ከሚበላ ልጅ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምግብ መቀነስ አደጋ ነው። መጀመሪያ መጨመር ይገባል።

ማልመጃው መንገድ

የምንደግፈው ሥርዓት በአጭሩ ይህ ነው፤ ልጁን ከሚያውቀው ምግብ ተነሥቶ በየጊዜው አንዲት ነገር ብቻ እየለወጡ ወደማያውቀው ማድረስ። በባሕር ማዶ የምግብ ሰንሰለት ይሉታል። እኛ መሰላል ብንለው ይቀለናል።

በመጀመሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መዝገብ ይያዛል። ልጁ ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት፣ የት ተቀምጦ፣ በምን ሳሕን፣ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ የምግብ ሰዓት ይወሰናል። ቀኑን ሙሉ ብስኩትና ጣፋጭ ሻይ የሚቀማምስ ልጅ ሰዓቱ ሲደርስ አይርበውም። ሦስተኛ፣ በማናቸውም ገበታ ላይ ልጁ የሚያውቀው አንድ ምግብ ሳይጓደል ይቀመጣል። ዐዲሱ ነገር የሚቀርበው ከዚህ ጐን፣ ቢቻል በሌላ ትንሽ ሳሕን፣ ከጥፍር በማይበልጥ መጠን ነው።

አራተኛው መሰላሉ ነው። ፉርኖ የሚበላው ልጅ መጀመሪያ ያንኑ ፉርኖ በሌላ ቅርጽ ተቈርጦ ያገኘዋል፤ ቀጥሎ ከሌላ ዳቦ ቤት የተገዛ ፉርኖ፤ ቀጥሎ አምባሻ፤ ቀጥሎ የስንዴ ቂጣ። ቂጣውን ከለመደ በኋላ ጥቂት የጤፍ ዱቄት ይገባበታል፤ መጠኑም በየሳምንቱ ይጨምራል። ከዚያ አፍለኛ እንጀራ ይከተላል፤ እርሾው ብዙ ስላልሠራበት አይኮመጥጥም። መንኰሽኰሽ ለሚወድ ልጅ ድርቆሽ የተሻለ መሸጋገሪያ ነው፤ የእንጀራ ጣዕም በብስኩት ድምፅ ይመጣለታልና። ሽሮ በመጨረሻ ይመጣል፤ ያውም እንደ ወጥ ሳይሆን ወፈር ብሎና አልጫ ሆኖ በዳቦ ላይ ስስ ተደርጎ ተቀብቶ። በፓስታውም በኩል እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ጥቂት ዘይት፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የቲማቲም ስጎ። ሽምብራ ቆሎም ለዚህ ዓይነት ልጅ ይስማማል፤ ሆኖም ከአራት ዓመት በታች ላለና አላምጦ ለማይውጥ ልጅ ያንቃልና አይሰጥ።

ስለ ሻዩም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በአንድ ቀን ቢከለከል ልጁ ዳቦውንም ይተዋል። ስለዚህ ሻዩ በየቀኑ ጥቂት እየቀጠነ፣ ስኳሩም እየተቀነሰ፣ በመጨረሻ ወደ ውሃ ወይም ወደ ወተት ይለወጣል። እስከዚያው ብርቱካን ወይም ፓፓያ ቢለምድ ቪታሚን ሲ ብረቱን ለሰውነት ያቀርብለታል።

አምስተኛ፣ መቅመስ የመጀመሪያው ደረጃ አለመሆኑ ይታወቅ። ዐዲሱ ምግብ በክፍሉ ውስጥ መኖሩን መታገሥ አንድ ደረጃ ነው። በገበታው ላይ መቀመጡ፣ በጣት መነካቱ፣ መሽተቱ፣ በምላስ ጫፍ መነካቱ፣ ተነክሶ መተፋቱ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ደረጃ ነው። ልጁ ነክቶ ቢተው ዛሬ ተምሯል እንጂ አልተሸነፈም። ሌያን በርች የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋራ በ1982 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት የሁለት ዓመት ሕፃናት አንድን ምግብ እስከ ሃያ ጊዜ እንዲቀምሱ አድርጋ፣ ብዙ ጊዜ በቀመሱት መጠን እየወደዱት መሄዳቸውን አሳይታለች። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከዚህም በላይ ትዕግሥት ሊያስፈልገው ይችላል። እንግዲህ በሦስተኛው ቀን «አይወደውም» ብሎ መተው ገና በመንገድ ላይ መመለስ ነው።

ስድስተኛ፣ ምንም ነገር ተደብቆ አይሰጥ። እንቁላል በሚወደው ዳቦ ውስጥ ሸሽጎ ማጉረስ ብልኀት ይመስላል። ልጁ ግን ከእኛ ይልቅ ለጣዕም ንቁ ነው፤ ባወቀ ጊዜ እንቁላሉን ብቻ ሳይሆን ዳቦውንም ይተዋል። አምስት ምግብ ካለው ልጅ አንዱን ማሳጣት ትልቅ ኪሳራ ነው። ዱቄቱ ሲለወጥ እያየና ቢቻል ራሱ እያቦካ ቢሆን ይሻላል።

ሰባተኛ፣ ቃል ላጠረው ልጅ ሥዕል ይናገርለታል። የሁለት ምግብ ሥዕል ጐን ለጐን አድርጎ «መጀመሪያ ይህን መንካት፤ ከዚያ ያን መብላት» ብሎ ማሳየት ልጁ የሚመጣውን እንዲያውቅ ያደርገዋል። የሚመጣውን ያወቀ ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ስለ ጉርሻ፣ ስለ ጾምና ስለ ጎረቤት

ይህ ሥርዓት ከባህላችን ጋራ የሚጋጭበት ቦታ አለ። በእኛ ዘንድ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ እንቢ ማለትም ነውር ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ሳይታሰብ ወደ አፉ የሚመጣ እጅ ያስፈራዋል፤ ያጐረሰውን ሰውም፣ ምግቡንም፣ ገበታውንም እንዲሸሽ ያደርገዋል። ጉርሻውን በሳሕኑ ዳር ማስቀመጥና ልጁ በራሱ ጊዜ እንዲያነሣው መተው ይቻላል፤ ፍቅሩ በዚህ አይቀንስም። ከአንድ መሶብ መብላትም ሊከብደው ይችላል፤ የብዙ ሰው እጅ አለ፤ ወጡም ይቀላቀላል። ለብቻው ሳሕን ተሰጥቶት፣ ነገር ግን ከሁሉ ጋራ በአንድ ገበታ ቢቀመጥ ሁለቱም ይጠበቃሉ።

በሚጾም ቤት የቤቱ ምግብ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን ይለወጣል። ዐዲስ እንቁላል የለመደ ልጅ በሁዳዴ ቢከለከል ከፋሲካ በኋላ ከመጀመሪያው ደረጃ መጀመር ሊያስፈልገው ይችላል። በልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጾም አይገደዱም፤ ከዚያ በላይ ላለው ልጅም ወላጆች ከንስሓ አባታቸው ጋራ ተመካክረው መላ ሊያገኙ ይችላሉ።

የጎረቤት ነገር ደግሞ አለ። «አንቺ፣ አቀበጥሽው እኮ! ለኔ ስጪኝ፤ ባንድ ሳምንት አበላዋለሁ» ትላለች አንዷ። እናትየዋም «እሺ እትዬ» ብላ ዝም ትላለች፤ በልቧ ግን ራሷን ትወቅሳለች። በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች በዐዲስ አበባ ተጠይቀው ነበር። ለልጁ ሁኔታ የሰጡት ምክንያት ከሕመምና ከወሊድ ችግር አንሥቶ እስከ መንፈስና እስከ ኃጢአት ቅጣት ይደርስ ነበር። ራሷን እንደምትቀጣ ሆና የምታስብ እናት ገበታ ላይ መታገሥ ይከብዳታል። ስለዚህ ለጎረቤቲቱ ማስረዳት ከምግቡ ሥራ የሚለይ አይደለም።

በዚህ በኩል መንገዱን የጠረጉት ወላጆች ናቸው። ዘሚ የኑስ የራሷ ልጅ ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ በ2002 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁማ በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ በ2021 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜም ድረስ ልጆቹ ከቤት እንዲወጡ ስትሟገት ኖረች። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ድካም የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ማዕከል ያላገኘው ልጅ ካገኘው እጅግ ይበዛል። ስለዚህ የብዙው ልጅ ትምህርት ቤት የእናቱ ወጥ ቤት ሆኖ ይቀራል።

ሰፈር ሲለወጥ

የከተማው መለወጥ ለነገሩ አስቸኳይነት ይሰጠዋል። በ2024 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። ለብዙው ሰው መዛወር የመንገድና የጎረቤት ጉዳይ ነው። የአንድ ዳቦ ቤት ፉርኖ ብቻ ለሚበላ ልጅ ግን ዳቦ ቤቱ ሲቀር ምግቡ ቀረ ማለት ነው። ዐዲሱ ሰፈር ዳቦ አይጠፋበትም፤ ያ ዳቦ ግን የለም። የመሰላሉ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለት ከሌላ ዳቦ ቤት የተገዛ ፉርኖ ማልመድ፣ ትንሽ መስሎ የታየው አንባቢ ቢኖር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይገለጥለታል። ቤተ ሰቡ ዕቃውን ከመጫኑ አስቀድሞ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ዳቦ የለመደ ልጅ በዐዲሱ ቤት የመጀመሪያውን ሳምንት በልቶ ያድራል። መዛወሩ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ሐኪሙም ማዕከሉም ለእናቲቱ ከሁሉ በፊት ሊነግሯት የሚገባው ይህን ነው።

እንግዲህ ለማጠቃለል፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ገበታ የሚሰፋው ያለውን ሳያጣ ሲጨመርለት ነው። ረኃብ አያስተምረውም፤ ግዳጅ ያርቀዋል፤ መከልከል ያሳጣዋል። የሚያስተምረው ከሚያውቀው ነገር አጠገብ በጥቂቱና በተደጋጋሚ የሚቀርብለት ነገር ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መዝገብ፣ ሁለት ትንንሽ ሳሕንና የወራት ትዕግሥት ነው። ከባልንጀሮቻችን መካከል መምህርም፣ ነርስም፣ ሐኪምም የሚሆኑ ስላሉ፣ እንዲህ ያለች እናት ወደ እነርሱ በመጣች ጊዜ «ምን አይበላም?» ከማለታቸው በፊት «ምን ይበላል?» ብለው እንዲጠይቋት እናሳስባለን። ሥራው የሚጀምረው ከመልሷ ነውና።